ስማቸው ብቻ ትክክል ነበር

«ንቀለው በይኝ!»

«እጅህን አንሳ!»

«እማዬ፣ ይነቀልና እንደገና ይነሳ! ሬሳው ከቤት ወጥቷል እኮ!»

«አንሳ አልኩህ! እያሰበ ነው። አንተ ስታስብ ሰው ይነቅልሃል?»

«እኔ ሳስብ እንደዚህ አልሽከረከርም!»

«አስበህ ስለማታውቅ ነው።»

ሳምሶን ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ የኮምፒውተሩን ገመድ ጨብጧል። እናቱ እትዬ የሺ ከላይ ጎንበስ ብለው በእንጨት ማስመሪያ የእጁን አንጓ ጠፍ አደረጉት። ገመዱን ለቀቀ። ስክሪኑ ላይ ገጹ እንደ አመድ ነጥቷል፤ መሀሉ ላይ ያቺ ሰማያዊ ቀለበት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከበሩ አጠገብ ሰናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። የሚቀበሩት እናቷ ናቸው። በመቃብር አፋፍ የሚነበበው የእናቷ የሕይወት ታሪክ ከዚያች ቀለበት ጀርባ ተይዟል።

እኔ ደግሞ ፕሪንተሩን አቅፌ ቆሜያለሁ። ለምን እንዳቀፍኩት አላውቅም።

ያ ቀን እትዬ የሺ በገዛ ሱቃቸው የዋሉበት የመጨረሻ ቀን ሆነ።

እሳቸውን የቀበርናቸው በቅርቡ ነው፤ እኔም ከቁጣዬ ገና ወደ ሐዘኔ አልደረስኩም። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ግቢ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ፣ የእድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ ሰማሁት። «ወይዘሮ የሺ በባሕርያቸው ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ከሁሉም ጋር ተግባብተውና ተቻችለው የኖሩ እናት ነበሩ።»

ትሑት? የትኛዋ የሺ? ደንበኛን «ማመልከቻህ የለማኝ ነው፤ ሂድና ቁጣህን ይዘህ ና» ብለው የሚመልሱት ሴትዮ? እንግዳ ተቀባይ? ሱቃቸው ውስጥ ሁለተኛ ወንበር እንዳይገባ የከለከሉት «ወንበር ካለ ወሬ ይቀመጥበታል» ብለው ነው። ተግባብተው? ከጎረቤቱ ሥጋ ቤት ጋር፣ ከእድሩ ሊቀ መንበር ጋር፣ ከራሳቸው ፕሪንተር ጋር ሳይቀር ተኳርፈው ነው የኖሩት።

«ውሸት ነው!» አልኩ። በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዞር አሉና በከዘራቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሙት አይወቀስም።»

እኔ መቼ ሙቷን ወቀስኩ? የወቀስኩት የቆሙትን ነው። ወረቀቱን ያስጻፈው ሳምሶን ነው፤ ከፊት ሆኖ ያለቅስ ነበር፤ እንባው እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ወረቀቱ ግን ስንት መቃብር ላይ የተነበበ ያው ወረቀት ነው። በዚያ ሁሉ ቃል መሀል ስማቸው ብቻ ትክክል ነበር።

ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ግጥምም ማንም አዝዞኝ ጽፌ አላውቅም።

ሱቋ ከአስፋልቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ፊት ለፊት በግማሽ የቆመ ፎቅ አለ፤ ሲሚንቶው እየበነነ ቁልፍ ሰሌዳችን ላይ ያርፋል። የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይጮኻሉ። የላሜራው በር ማጠፊያው ረግቦ ስለወረደ በጉልበት ካላነሱት አይዘጋም። እትዬ የሺ ግን ዝናብም አቧራም ቢገባ በሥራ ሰዓት ዘግተውት አያውቁም። «ሐዘንተኛ የተዘጋ በር አያንኳኳም፤ ተመልሶ ነው የሚሄደው» ይሉ ነበር።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ። አሥር ጣቶቻቸው ቁልፉ ላይ ሲወርዱ የጽሕፈት መኪናው ዘመን አልለቀቃቸውም፤ ኮምፒውተሩን ይደበድቡታል። «እዚያ ስጽፍ ሰው ሁሉ ከሳሽና ተከሳሽ ነበር» አሉኝ አንዴ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ። እዚህ እንኳ ስም ይኑረው።»

በሱቃችን የኪራይ ውል ይጻፋል፣ የሥራ ማመልከቻ ይጻፋል፣ የሠርግ ጥሪም ይጻፋል። እትዬ የሺን ያስጠራቸው ግን የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። በሌሎቹ ሱቆች አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ሐዘንተኛው እየሮጠ ይመጣል፤ ጸሐፊዋ የባለፈውን ሟች ትከፍታለች፤ ስሙን ታጠፋና አዲሱን ታስገባለች፤ የትውልድ ቦታውን ትቀይራለች፤ የልጆቹን ቁጥር ታስተካክላለች፤ አለቀ። ሰው አክባሪው፣ እንግዳ ተቀባዩ፣ ሃይማኖተኛው እንዳለ ይቀራል። የእኛ ሰፈር ሙታን ሁሉ እንደ አንድ እናት ልጆች የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። ማንም በክፋት አያደርገውም። ሬሳ አይጠብቅም፣ ሐዘንተኛ አእምሮ የለውም፣ አንባቢውም ይቸኩላል።

እትዬ የሺ ግን ከባዶ ወረቀት ነበር የሚጀምሩት። ሐዘንተኛውን ፊት ለፊታቸው አቁመው እንደ መርማሪ ይጠይቁታል።

«ደግ ነበሩ» ይላቸዋል።

እጃቸውን ከቁልፉ ላይ ያነሳሉ። «ለማን?»

«ለሁሉም።»

«ለሁሉም ደግ የሆነ ሰው አላውቅም። የአንዱን ስም ጥራልኝ።»

ሰውየው ይናደዳል። አንዳንዱ ትቷቸው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። የቀረው ግን ቀስ በቀስ ያስታውሳል። ምን ያስቃቸው ነበር? ማንን አይወዱም ነበር? ሲናደዱ ምን ይሰብራሉ? አንድ ክፉ ምላስ የነበራቸው ሽማግሌ ሲሞቱ ልጃቸውን አፋጠው ይዘው የጻፉትን አልረሳም፦ «በእርሳቸው አፍ ያልተሰደበ ጎረቤት የለም። ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈሩን ቦይ ብቻቸውን እየጠረጉ፣ እየተሳደቡ፣ ቤታችንን ከጎርፍ ያዳኑትም እርሳቸው ናቸው።» ያ ሲነበብ በግቢው ያለ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ተያይዞ አለቀሰ። ያን ዓይነት ለቅሶ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ሰዎቹ ያለቀሱት የሚያውቁትን ሰው ስለሰሙ ነው።

እኔ የተቀጠርኩት ለትየባ ቢሆንም የመታሰቢያ ካርድ ላይ የሚወጡትን ስንኞችም እጽፍ ነበር። የመጀመሪያዬን ለአንድ ጎሚስታ ጻፍኩ። አበባው ረገፈ፣ ጧፉ ጠፋ፣ ምናምን። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡና ወረቀቱን በሁለት ጣት፣ እንደ ሞተ አይጥ፣ መለሱልኝ።

«ማነው አበባ?»

«ሟቹ።»

«ሟቹ ጎሚስታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ሲሞት አበባ ታደርገዋለህ? ጎማ ጻፍ።»

«ጎማ ግጥም አይሆንም እትዬ።»

«ለማንም የሚሆን ግጥም ለማንም አይሆንም። ሂድ ጎማ ጻፍ፣ ገጣሚው።»

«ገጣሚው» ሲሉኝ ስድብ ነበር። ተናድጄ ጥግ ላይ ቆሜ ጻፍኩ፦

ስንቱን የፈነዳ ጎማ ለጥፎ ኖሮ፣
እሱ ሲተነፍስ ማን መጣለት ዞሮ?

አነበቡት። ምንም አላሉም። ካርዱ ላይ አስገብተው አተሙት። ከዚያ በኋላ ግጥሜን ማንም ቢያሞግሰው ያን ዝምታ አያህልም።

ኮምፒውተሩ የታመመው ከሰናይት እናት ቀብር አስቀድሞ ነበር። መጀመሪያ ቀለበቷ ብቅ ትልና ትጠፋ ነበር፤ በኋላ ብቅ ብላ ትቀመጥ ጀመር። እትዬ የሺ ቀለበቷ ስትመጣ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱንም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ። ብርድ የያዘው ሰው ይመስላሉ። እኔም እንዲሁ እንዳደርግ ያስገድዱኝ ነበር። «አትንካ! በነካኸው ቁጥር ሌላ ሥራ ትጨምርበታለህ። እሱ አንዱን ሳይጨርስ አንተ አሥሩን ታዝዘዋለህ፤ ከዚያ ደንቆሮ ትለዋለህ።» ሳምሶን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቀለበቷን ሲያይ ማውሱን እንደ ቁንጫ ገዳይ ይቀጠቅጠዋል፣ ካልሆነ ይነቅላል። እናትና ልጅ በሌላ ነገር ብዙም አይጣሉም ነበር። ጠባቸው ሁሉ በዚያች ቀለበት ዙሪያ ነው።

እኔ በበኩሌ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ ሰምቼዋለሁ። ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። «እትዬ፣ ዲስኩ እየደከመ ነው። ፋይሎቹን በፍላሽ እናውጣቸው» አልኳቸው።

«ፍላሽ እዚህ ቤት አይገባም!»

አንዴ የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ አስገብቶ የጻፉትን ሁሉ ደብቆባቸው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ «ፍላሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። የሙታኑ ጽሑፎች ስክሪኑ ላይ ተበትነው፣ ስማቸው ተጽፎ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሞልተውታል። ጀርባው ላይ ያለው ሥዕል አይታይም። ቢያንስ በአንድ ፎልደር እንሰብስባቸው ብላቸው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

«ሰው አንዴ ሳጥን ውስጥ ከገባ ይበቃዋል።»

ሳምሶን ከጦር ኃይሎች አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ አመጣ። ጠጋኙ ሳይቀመጥ፣ ሳይከፍት፣ «ፎርማት ነው» አለ። በዚህ ከተማ ኮምፒውተር ቢያስነጥስ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋና እንደ አዲስ ይጀምራል።

«ሰዎቼስ?» አሉ እትዬ የሺ።

«የምን ሰዎች?»

ስክሪኑን አሳዩት። ጠጋኙ አየና ሳቀ። «እማማ፣ እነዚህማ ሞተው የለ እንዴ?»

«ራሱን ላመመው ሰው አንገትህን ልቁረጠው የሚል ሐኪም አየሁ» አሉና በማስመሪያው በሩን አሳዩት።

ዛሬ ያ ኮምፒውተር እንደ ፈረስ ይጋልባል። ሳምሶን ፎርማት አስደርጎታል። ስክሪኑ ላይ አንድ የባሕር ዳርቻ ፎቶ አለ፤ አሸዋ፣ ውሃ፣ ሰማይ። ሰው የለበትም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ሰናይት በጠዋት ከአጎቷ ጋር መጣች። አጎቷ የአባቷ ወንድም ነው፤ ከሳንሱሲ ኮቱን ለብሶ፣ የሐዘኑ ባለቤት ሆኖ ነው የመጣው። እናቷን ወይዘሮ ዘነቡን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ ፍራሽ አዳሽ ነበሩ። የማንኛችንም ጀርባ እሳቸው ባፍታቱት ጥጥ ላይ ተኝቶ ያውቃል። ጸጉራቸው ላይ ሁልጊዜ ጥጥ ስለነበር በእርግጥ መቼ እንደሸበቱ የሚያውቅ የለም።

«እንግዲህ ደህና አድርገው ይጻፉልን» አለ አጎትየው። «ከባለቤታቸው ጋር በፍቅርና በመከባበር ኖረው፣ ብለው።»

እትዬ የሺ እጃቸውን አነሱ። «ወንድምህ የት ነው?»

«እሱማ ሥራ ላይ...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሰናይት መለሰች። «እኔ ጥርስ ሳላበቅል ጀምሮ።»

«እንግዲያው የሥራው ታሪክ ረጅም ነው» አሉ እትዬ የሺ። «ለራሱ ቀብር ይቆይለት።»

አጎትየው ኮቱን አራግፎ ወጣ። «ቤተሰብ ማዋረድ ነው ይሄ!» ሲል ከታክሲዎቹ ጩኸት በላይ ተሰማ።

ሰናይት ተነፈሰች። ከዚያ መናገር ጀመረች፣ እትዬ የሺም መጻፍ። አባቷ የሄደ ዕለት እናቷ ምን እንዳደረጉ ነገረቻቸው። እትዬ የሺ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስድብ አልተናገሩም። «ሰው እንዲሰማው የምፈልገው ይሄንን ብቻ ነው» አለች ሰናይት። «ሌላውን ቢተዉትም ይተዉት። በሕይወቷ ሙሉ 'ባሏ የተዋት' ሲሏት ነው የኖሩት። አንድ ቀን እንኳ እሷ ያደረገችውን ይስሙ።»

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ ፊደሉ መምጣት አቆመ። ገጹ ነጣ። ቀለበቷ መጣች።

የሆነውን በመጀመሪያ ነግሬያችኋለሁ፤ ሳምሶን ከገመዱ ጋር፣ እናቱ ከማስመሪያው ጋር። ያልነገርኳችሁ እኔ ያደረግኩትን ነው። የፕሪንተሩን ገመድ ነቀልኩ፤ አንዳንዴ እሱ ነው የሚይዘው። አልሆነም። የተንጠለጠለውን ሥራ የሚዘጋውን መስኮት ጠራሁት፤ እሱም መጥቶ ራሱ ተንጠለጠለ። ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑን ፎቶ ላነሳ ስል፣ የሚታየው ባዶው ሁለተኛ ገጽና ከላዩ የቀረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ባለቤታቸው ጥለዋቸው ሲሄዱ በር ዘግተው አላለቀሱም፤ በር ከፍተው የትዳራቸውን ፍራሽ ወደ ውጭ አወጡና ጥጡን ፈቱት።»

ሳምሶን ለጠጋኙ ደወለ። ስልኩን ለሁላችን ከፈተው። «ፎርማት ነው ብያችሁ አልነበር?» አለ ድምፁ።

«ዝጋልኝ ይሄን ገዳይ!» አሉ እትዬ የሺ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ገጣሚው፣ እጅ የለህም? ወረቀት አውጣ። ሰናይት፣ እንደገና ንገሪው። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጊዜ አለን።»

ጎንበስ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሰናይት ስትናገር ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም። ሳምሶን መቼ እንደወጣ አላየሁም። ማናችንም አላየንም።

ጨርሰን ሮጥን። ዳገቱን እትዬ የሺ ነጠላቸው እየተጎተተ፣ እኔ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ። ግቢው ስንደርስ የእድሩ ጸሐፊ ማንበብ ጀምሯል። በእጁ የታተመ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አለ። ሳምሶን አጠገቡ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ገባኝ። ቁልቁል ወዳለው ሌላ ሱቅ ሄዶ የባለፈውን ሟች አስከፍቶ አምጥቷል።

«...ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ የነበሩት ወይዘሮ ዘነቡ ከአቶ በላቸው ጋር በሕግ ተጋብተው፣ በፍቅርና በመከባበር ረጅም ዘመን አብረው...»

አቶ በላቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ጎረቤታችን። ሚስታቸውን የቀበሩት በዚያው ግቢ፣ በፊተኛው ጾም ወቅት ነው። ጽሑፉ የሚስታቸው ነበር። ሳምሶን የሟቿን ስም ከላይና ከታች ሲያስቀይር የባሏን ረስቶታል። እና አቶ በላቸው ራሳቸው ከፊት ረድፍ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሐዘንተኛ ሊያስተዛዝኑ ቆመዋል።

ባርኔጣው ከእጃቸው ወደቀ።

«ውይ! በላቸው አገባ እንዴ?» አለች አንዷ ከጀርባዬ።

«ከዘነቡ ጋር? መቼ?»

«ምስኪኗ ሚስቱ ሳትሞት ይሆናላ!»

አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ ታፍኖ ሲሄድ ነጠላዎች ወደ አፍ ሲነሱ አየሁ።

«አቁም!» አሉ እትዬ የሺ። «አቁም አንተ! ይሄ የሌላ ሰው ነው!»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያቸው። ወረቀቱን አየ። ከዚያ (ይህን ነው ይቅር የማልለው) እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። ወንዶቹ እትዬ የሺን ከበቧቸው። «እትዬ የሺ፣ ቀብር ነው፤ ቀብር አይቋረጥም።» በእጄ የያዝኩትን ወረቀት ማንም ዞሮ አላየውም። አፈሩ መውረድ ጀመረ።

ሰናይት አላለቀሰችም። ሰው ሲበተን ወደ እትዬ የሺ መጣች፤ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«እናቴን ዳራችኋት» አለች። «ባሏ የተዋት ተብላ ኖረች፤ የሰው ባል የወሰደች ተብላ ተቀበረች።»

ሰናይት ሰው ደግፏት ወደ ድንኳኑ ሄደች።

ወደ ሱቁ ስንመለስ በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ሳምሶን ቀድሞን ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ስክሪኑን እያየ። እኛም አየን። ቀለበቷ የለችም። ገጹ ወደ ነጭነቱ ተመልሷል፣ ፊደሉ ጥቁር፣ ቀስቷ ጸጥ ብላ ቆማለች። ከመጀመሪያው ቃል እስከ ጥጡ ድረስ ሁሉም አለ። አንድም ፊደል አልጎደለም። ሰው አጥቶ፣ የሚቀጠቅጠው አጥቶ፣ አስቦ ጨርሷል።

«መጥቶ ነው ያገኘሁት» አለ ሳምሶን።

እናቱ ጎንበስ ብለው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ምን ላድርግ ታዲያ? አንቺ እጅሽን ብብትሽ ውስጥ ከተሽ ስትጠብቂ ሬሳው ሊገባ ነበር እኮ! ሰው ሁሉ 'የየሺ ሱቅ ባዶ እጃችንን አስቀረን' እንዲልሽ ነው? ላንቺ ብዬ ነው የሮጥኩት!»

«ለእኔ።»

«ያው ነው እማዬ! ማንም አያዳምጥም። ሰው እግሩን እየቀያየረ የሚቆመው እስኪያልቅ ነው። አንዲት ስም ነች የተሳሳትኩት፤ ሌላው ያው ነው!»

«ያው ነው» አሉ እትዬ የሺ፣ እንደሚቀምሱት ዓይነት። ድምፃቸው አልጮኸም። ጩኸታቸውን ለምጄዋለሁ፤ ያን ድምፅ ግን አላውቀውም። «ሰናይት አንድ ነገር ለመነችን። አንድ። እሷ ያደረገችውን ይስሙ አለች። ያው ነው?»

ሳምሶን ማውሱን ገፍቶ ተነሳ። «ነገ ፎርማት አስደርገዋለሁ። በቃኝ። እዚህ ሙት ጋር እያደርኩ አልኖርም።»

ይጮኹበታል ብዬ ጠበቅኩ። ማስመሪያውን ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ቅድም የነቀልኩትን የፕሪንተር ገመድ ከወለሉ አንስተው ራሳቸው ሰኩት። ማተሚያው አጉረመረመ፣ ሁለቱን ገጽ አወጣ። ወረቀቱ ገና ሙቅ ሳለ አጠፉት። የሐዘን ድንኳኑ ከሱቁ ሩቅ አይደለም፤ ሰው ቅድም የሳቀውን ሳቅ አሁን እዚያ ካርታ እየተጫወተ እንደሚጨርሰው ሁላችንም እናውቃለን። መነጽራቸውን ከጠረጴዛው አነሱ። ማስመሪያውን ተዉት።

«እትዬ፣ አብሬዎት ልምጣ?» አልኩ።

«አንተ ለማንበብ አትሆንም፤ ታለቅሳለህ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ወደ ስክሪኑ ዞረው የሰዎቻቸውን ስም ከጥግ እስከ ጥግ አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩት።

«ሳምሶን።»

«አቤት።»

«የእኔ ቀን ሲደርስ ስሙን መቀየር እንዳትረሳ።»

ወጡ። ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ እርምጃ ከሄዱ በኋላ ተመለሱ፤ በሥራ ሰዓት ተዘግቶ የማያውቀውን የላሜራ በር በጉልበታቸው ወደ ላይ አነሱት፣ ገፉት፣ እኛን ከሙታኑ ጋር ውስጥ ትተው ዘጉት።